ዘጠኝ ያለው ደወል

ብየዳ የሚለውን ስም ያወጡላት ሴቶቹ ናቸው። በግራ እጇ አንጓ ላይ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሰም የሚያብረቀርቅ ጠባሳ አለ። ባሏ የጋለ መበየጃ ያሳረፈባት ቦታ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ አካሏ ሙሉ የሆነች ሴት ስለሌለች ማንም በማንም ጠባሳ አይደነግጥም። አንዷ የፊት ጥርሷ የለም፣ አንዷ በቀኝ ጆሮዋ አትሰማም፣ አንዷ ስትራመድ ዳሌዋ ወደ ጎን ይጎትታታል። የመጣች ሰሞን እጇን አይተው «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ሲሏት «ተበየድኩ» አለቻቸው። ሳቁ። እሷም የጎድን አጥንቷ እስኪያማት ድረስ ሳቀች፤ ስብራቱ ገና አልገጠመም ነበር። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ቤቱ ከባሎቻቸው ዱላ ያመለጡ ሴቶች የሚጠለሉበት ነው። በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም። ከውጭ ሲያዩት መጋዘን ይመስላል፤ ረጅም አጥር፣ የብረት በር፣ በሩ ሥር የዘበኛ ክፍል። ከዘበኛው ክፍል ጋር በግድግዳ ተያይዘው ስምንት ክፍሎች በአንድ ኮሪደር ተደርድረዋል። ከግቢው ማዶ ደግሞ ሌላ ስምንት ክፍል እየተሠራ ነበር፤ የሚመጣው ሰው በዝቶ ሴቶቹ ኮሪደሩ ላይ ፍራሽ ማንጠፍ ከጀመሩ ቆይተዋል።

ብየዳ ትምህርቷን ያቋረጠችው ከሰባተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያወቀችውን ሁሉ ያወቀችው ከባሏ ነው፣ ያውም በዱላ። ባሏ ጠጋኝ ነበር። የነዳጅ ማደያዎችን ኮምፒውተር ይሠራል። ኮምፒውተር ከጀርባው አንድ ወይ ሁለት የገመድ መሰኪያ ነው ያለው፤ ማደያው ግን ስምንት መቅጃ አለው፣ እያንዳንዱም ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ነገር አለው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ይከፈትና አንድ ካርድ ይሰካበታል፤ ከካርዱ ስምንት ገመድ እንደ ጅራት ተንጠልጥሎ ይወጣል። ካርዱ ብቻውን ግን ዕቃ ነው። ኮምፒውተሩ እንዲያውቀው ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ይጫንለታል፤ ለየጅራቱም ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ ከተሳሳተ ምንም ነገር አይቆምም፤ ሁሉም እንደ ደህና ነገር ይሠራል። የአንዱን ወሬ ግን ሌላው ያወራዋል።

ጠጋኙ ይህን የሚፈትሽበት የራሱ ዘዴ ነበረው። እሱ ስክሪኑ ፊት ይቀመጣል፤ እሷ ከመቅጃ መቅጃ ትሮጣለች። እጀታውን ታነሳለች። «ስንት?» ብሎ ይጮኻል። መቅጃው ላይ የተቀባውን ቁጥር አይታ ትጮኻለች። ስክሪኑ ላይ የመጣው ሌላ ከሆነ በእጁ የያዘውን ይወረውርባታል። ፒንሳ ሊሆን ይችላል፣ ጠርሙስ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን ፒንሳው ቅንድቧን ከፈተው፤ ደሙ ዓይኗ ውስጥ እየገባ እስከ መጨረሻው መቅጃ ሮጣ ቁጥሩን ነገረችው። የማደያው ሰዎች ቆመው ያያሉ። አንዱ «ሰውየው ቀልድ አያውቅም» ብሎ ነዳጁን መቅዳቱን ቀጠለ።

መበየጃው የመጣው አንድ ጅራት አዛብታ የበየደች ዕለት ነው። ያን ቀን አልጮኸም። እጇን ይዞ ጠረጴዛው ላይ አጋደመውና የጋለውን ብረት አስቀመጠባት። ሥጋዋ እስኪጨስ ድረስ ጠበቀ። «በቃ፣ አሁን አትረሺውም» አላት። ከዚያ ጮኸችብኝ ብሎ የወንበሩን እግር ነቅሎ ወረደባት። የጎን ጎረቤቷ በሩን በድንጋይ ሰብራ ባትገባ ኖሮ ብየዳ የምትባል ሰው አትኖርም ነበር። በዚያች ጎረቤት ትከሻ ተደግፋ ነው ያንን የብረት በር ያለፈችው።

ከገባች በኋላ ከሱ የተማረችውን ሁሉ ልትጥል ፈልጋ ነበር። እጅ ግን የለመደውን አይጥልም። የአንዷን ሬዲዮ ሠራች፣ የአንዷን ስልክ፣ የወጥ ቤቱን ምድጃ። ከዚያ ወዲያ ግቢው ውስጥ ገመድ ያለው ነገር ሁሉ ሲበላሽ የሚጠራው የሷ ስም ሆነ።

በየክፍሉ አልጋ ራስጌ ቀይ ቁልፍ አለ። ሲጫኑት ዘበኛው ክፍል ውስጥ ደወል ይጮኻል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የክፍሉ ቁጥር በቀይ ይበራል። ዘበኛው ቁጥሩን አይቶ ዱላውን ይዞ ይሮጣል። ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ባል አጥር ዘሎ ቢገባ በሴትየዋና በሞቷ መካከል የሚቆመው ያ ቁጥር ብቻ ነው።

ዘበኛውን ሻምበል ይሉታል። ሻምበል ሆኖ አያውቅም፤ ወታደር ቤት የነበረው ምግብ አብሳይ ሆኖ ነው። ሴቶቹ «ሻምበል፣ የት የት ዘመቱ?» ሲሉት «ሽንኩርት ላይ» ይላል። «ዕድሜ ልኬን ተዋግቼው፣ ያላስለቀሰኝ ቀን የለም።»

አዲሶቹ ክፍሎች ጣሪያ ሲለብሱ የቤቱ ኃላፊ አስጠሯት። ኃላፊዋን ሁሉም እትዬ ነው የሚሏቸው።

«ብየዳ፣ ያንን ነገር ትችይበታለሽ አሉኝ።»

«የትኛውን ነገር፣ እትዬ?»

«ደወሉን ነዋ። የአዲሱ ቤት ቁልፎችም እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ይግቡ። ያኔ የሠሩት ሰዎች ስልክ ስደውል አያነሱም።»

«ሌላ ካርድ ይፈልጋል። ከመጣ እችላለሁ።»

«ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ደወሉን እንዳታስጮሂብኝ።»

ይህን ሁሉም ያውቃል። ድሮ ደወሉ የገባ ሰሞን ልሞክር ብሎ አንዱ ሠራተኛ ሳይናገር ተጫነው። አንዲት ሴት ባሏ የመጣ መስሏት በመስኮት ዘላ እግሯን ሰበረች። ልጆች አልጋ ሥር ገብተው አንወጣም አሉ፤ አንዷ ሕፃን ከዚያ ወዲህ መንተባተቧ አልተዋትም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዚያ ቤት ደወል ለሙከራ አይጮኽም። የሚጮኸው ለእውነት ብቻ ነው።

ብየዳ «እሺ» አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ይከራከር ነበር። እሷ ግን ደስ አላት። ቁልፍ ተጫኚ፣ ሩጪ፣ ስንት፣ ብሎ ነገር የለም ማለት ነው።

ካርዱ የመጣ ቀን ዘበኛው ክፍል ጠረጴዛ ሥር ተንበርክካ ኮምፒውተሩን ፈታች። አሮጌው ካርድ ታችኛው ማስገቢያ ላይ ተሰክቷል፤ ስምንት ጅራቱ አቧራ ለብሶ ተቆላልፏል። እሱን መነካካት አልፈለገችም። አዲሱን ከላይ ባለው ባዶ ማስገቢያ ሰካችው። በባሏ ጊዜ አንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ካርድ ሰክታ አታውቅም። ማደያ ከአንድ በላይ አይጠይቅም። ኮምፒውተሩን አስነስታ ኪቦርዱን ወደ መሬት አወረደችው።

ልብስ ሰፊዋ የሻምበልን መስኮት መጋረጃ ይዛ የገባችው ያኔ ነው። ከመጣች ጥቂት ጊዜዋ ነው። የሚረገጥ የስፌት መኪናዋን በጋሪ አስጭና የመጣች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት። መኪናው አንድ ጥርሱ የተሸረፈ ስለሆነ ድምፁ ያነክሳል፤ ጠቅ ጠቅ ይልና ትንፋሽ ውጦ እንደገና ጠቅ ይላል። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ሬሳሽን ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም ብሎ በሰው ፊት ስለማለ እትዬ አንድ ቁጥርን ሰጧት። አንድ ቁጥር ከሻምበል ክፍል የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። ከዚያ የተሻለ ክፍል የለም።

«ምን እየሠራሽ ነው እዚያ ሥር?» አለች ሰፊዋ።

«ድራይቨሩን እያስገባሁ።»

«ምንድነው እሱ?» አለ ሻምበል።

«ሾፌር እንደማለት ነው፣ አባባ። ካርዱን የሚነዳው እሱ ነው።»

«ኮምፒውተርም ሾፌር ቀጠረ? ጉድ ነው።»

«ከሾፌር አምልጬ መጣሁ ስል እዚህም ጠበቀኝ በሉኛ» አለች ሰፊዋ። ሦስቱም ሳቁ። እየሳቀች እጇ አንገቷ ላይ ሄደ፤ ሳታውቀው ነው የሚሄደው።

«ይሄኛው አይማታም» አላት ብየዳ። «የነገሩትን ብቻ ነው የሚሠራው።»

«እንዲያ ያለውን ባል ከየት ገዛሽው?»

ድራይቨሩ ገባ። ስክሪኑ አሥራ ስድስቱንም ጅራት ቆጥሮ አሳየ። አሁን ደወል ሳያስጮሁ መፈተሽ ነው የቀረው። ብየዳ ከቁራጭ ሽቦ አንዲት ትንሽ መሰኪያ ሠርታለች፤ የሚልከውንና የሚቀበለውን እግር አንድ ላይ ያሰረች። በአንድ ጅራት ጫፍ ስትሰካው ኮምፒውተሩ የላከው መልሶ ለራሱ ይመጣለታል። ያኔ ጅራቱ ደህና ነው ማለት ነው። አንዱን ሰካች፣ አረንጓዴ በራ። ሌላውን ሰካች፣ አረንጓዴ በራ። እንዲያ እያለች ሁሉንም ጨረሰች። ግቢው ጸጥ እንዳለ ነበር። ከግድግዳው ወዲያ የሰፊዋ መኪና እያነከሰ ይሰማል። በጩኸት ያልተሠራ የመጀመሪያ ሥራዋ ይኸው ነበር። ጨርሳ ላቧን ስትጠርግ ልቧ ሙሉ ነበር።

ያቺ መሰኪያ ጅራቱ ደህና መሆኑን ትናገራለች። ጅራቱ የማን ክፍል እንደሆነ ግን አትናገርም።

ነገሩ የደረሰው ከጥቂት ቀን በኋላ ጠዋት፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል ነው። በየቀኑ እንደሚሆነው የአሸዋ መኪና መጣ። ሻምበል የመኪናውን ታርጋ ያውቀዋል፤ ለአዲሶቹ ክፍሎች አሸዋ ሲያመላልስ ሰንብቷል። ሹፌሩን ግን ቀና ብሎ አላየውም፤ የወትሮው አልነበረም። በሩን ከፈተለት፣ መኪናው አቧራውን እያስነሳ ገባ፣ ወዛደሮቹ ተረባርበው ማራገፍ ጀመሩ። ሻምበልም ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ሹፌሩ ከጋቢናው ወርዶ እጁን ኪሱ ከቶ ቆመ። ዝም ብሎ አዳመጠ። ከኮሪደሩ በኩል የስፌት መኪና ድምፅ ይመጣል፤ ጠቅ ጠቅ፣ ትንፋሽ፣ ጠቅ። ያንን ማንከስ ስንት ዘመን ሲሰማው ተኝቷል። ማንንም ሳይጠይቅ በድምፁ ሄደ።

ብየዳ በዚያ ሰዓት ከግቢው ማዶ ዘጠኝ ቁጥር ውስጥ ነበረች። ክፍሉ ገና ቀለም ይሸታል፤ አልጋ እንኳ አልገባበትም። የግድግዳውን ቀይ ቁልፍ ከማቀፊያው አውጥታ ሽቦዎቹን በካቻቢቴ እያጠበቀች ነው። ደወሉ ሲጮኽ ካቻቢቴው ከእጇ ሊወድቅ ነበር። ወዲያው የሩጫ ድምፅ መጣ። በሩ በርግጫ ተበርግዶ ሻምበል ዱላውን ከራሱ በላይ ሰቅሎ ገባ። ዓይኑ ፈጦ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

«የታለ?»

«ማን?»

«ዘጠኝ ነው የሚለው። ዘጠኝ ተጭኗል።»

ብየዳ በእጇ የያዘችውን አየች። የዘጠኝ ቁጥር ቁልፍ ሽቦዎቹ ተነቅለው መዳፏ ላይ ነው። ተጭኖ ሊሆን አይችልም። ያኔ ገባት። ኮምፒውተሩ የካርዶቹን ተራ የቆጠረው ከላይ ወደታች ነው። አዲሱ ካርድ አንድ ብሎ ጀመረ፤ አሮጌው ወደ ዘጠኝ ተገፋ። ዘጠኝ ዘጠኝ አይደለም።

«አንድ ነው» አለች። «አባባ፣ አንድ ቁጥር ነው። ሰፊዋ ናት።»

ግቢውን እንዴት እንዳቋረጠች አታውቅም። አሸዋ ክምሩ ላይ ወድቃ ተነሳች። ወዛደሮቹ አካፋቸውን ይዘው አፋቸውን ከፈቱ። ደወሉ አሁንም ይጮኻል፤ በሱ ጩኸት ውስጥ ሌላ ድምፅ የለም፣ የስፌት መኪናው ድምፅ የለም።

የአንድ ቁጥር በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። መቀርቀሪያውን ያስገጠሙት እትዬ ናቸው፣ ለሴቶቹ ደህንነት ብለው። ብየዳ በትከሻዋ መታችው፣ ንቅንቅ አላለም። ሻምበል እያለከለከ ደረሰና አብረው መቱት። ከውስጥ አንድ ነገር እንጨት ላይ ያርፋል፤ ደፍ፣ ደፍ፣ ደፍ። በሦስተኛው ምት መቀርቀሪያው ተገነጠለ።

ሹፌሩ የስፌት መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጠምጥሞ ጫፉን በግራ እጁ ይዟል። ፊቷ ጠቁሯል። ቀኝ እጇን የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ በጉልበቱ ተጭኖ፣ የልብስ ካውያዋን አንስቶ ጣቶቿ ላይ ያወርዳል። እንደ ሥራ ነው የያዘው፤ ቀስ ብሎ፣ እያስተካከለ።

«በነዚህ ነው እንግዲህ ራሴን አስተዳድራለሁ ያልሽው» ይላታል። ድምፁ ዝግ ያለ ነው። «በነዚህ ነዋ።»

ብየዳ ሳታስብ ካቻቢቴውን ጀርባው ላይ ሰካችው። ትከሻው ሥር እስከ እጀታው ገባ። እንደ በሬ አገሳና ዞረ፤ ካውያው አብሮት ዞሮ አፏ ላይ አረፈ። ጥርሶቿ ምላሷ ላይ እንደ ጠጠር ሲበተኑ ተሰማት። ወደቀች፤ ግን እግሩን ይዛ ነው የወደቀችው። ሻምበል ዱላውን በሁለት እጁ ይዞ ጭንቅላቱ ላይ አወረደ። ሰውየው ተንበረከከ። እንደገና አወረደ። ካውያው ከእጁ ወጣ።

ያኔ ሴቶቹ ደረሱ። በርጩማ የያዘች አለች፣ መጥረጊያ የያዘች፣ ክዳን ያለው ድስት የያዘች። አንድ ጆሮዋ የማይሰማው ሴት ከሁሉም ቀድማ ገባች። እያንዳንዷ የራሷን ሰውዬ ያገኘች ይመስል ወረዱበት። በርጩማው ተሰብሮ እግሩ ብቻ ሲቀር በእግሩ ቀጠሉ። አንዷ ተንበርክካ በጡጫዋ ፊቱን እየመታች «ተናገር፣ እስቲ አሁን ተናገር» ትለዋለች። ደሙ ግድግዳው ላይ፣ የተዘረጋው ጨርቅ ላይ ተረጨ።

«ትገድሉታላችሁ» አለ ሻምበል። የሰማው የለም። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ዱላውን ጥሎ ሰውየው ላይ ተኛበት። ሁለት ሦስት ምት ራሱ ቀመሰ። እትዬ መጥተው አንድ በአንድ በክንዳቸው ጎትተው እስኪያወጧቸው ድረስ ሻምበል ሊገድል የሮጠለትን ሰው በጀርባው ሸፍኖ ቆየ።

ሹፌሩን ፖሊሶች በሕይወት ወሰዱት። ሰፊዋን ሆስፒታል ወሰዷት። ደወሉ አሁንም ሲጮኽ ነበር፤ አፏን በፎጣ ይዛ ገብታ ያጠፋችው ብየዳ ናት። ስክሪኑ ላይ ዘጠኝ ቀልቶ ይታያል።

በማግስቱ እትዬ ቢሯቸው አስቀመጧት። የተሰነጠቀ ከንፈሯ ተሰፍቶ አብጧል።

«አንቺ ባትደርሺ ኖሮ ሞታለች» አሏት።

«ቁጥሩን ያዛባሁት እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሰውየው ነው ያደረገው። በሩን የከፈተለት ሻምበል ነው። ደወሉ አይጮኽም ያልኩት እኔ ነኝ። ስንቱን ልቁጠርልሽ? ለማንም አትናገሪ፤ ይቅር።»

ብየዳ ወደ ዘበኛው ክፍል ሄዳ ጠረጴዛ ሥር ተንበረከከች። የድራይቨሩን ማስተካከያ ከፈተች፤ ካርዶቹ በተሰኩበት ተራ መታወቃቸውን አስቀርታ እያንዳንዱ በላዩ በታተመው የራሱ መለያ እንዲታወቅ አደረገች። ለአሮጌው ከአንድ እስከ ስምንት፣ ለአዲሱ ከዘጠኝ ጀምሮ ሰጠች። ከእንግዲህ የት ቢሰኩ ቁጥራቸው አይሄድም። ለመሥራት ምንም ያህል ጊዜ አልፈጀባትም። ያ ነው ያንገበገባት።

ሰፊዋ ከሆስፒታል ስትመለስ ሁለት ጣት አልነበራትም፤ የቀሩት ደግሞ አይታጠፉም። ጉሮሮዋም ተጎድቶ ከሹክሹክታ በላይ አይወጣላትም። እዚያው አንድ ቁጥር ገባች። ሌላ ክፍል ይሰጥሽ ሲሏት ራሷን ነቀነቀች። ግድግዳው ታጥቧል፤ የስፌት መኪናው በአንሶላ ተሸፍኗል።

ብየዳ በሩ ላይ ቆመች። አትናገሪ የተባለችውን በሆዷ መያዝ አልቻለችም።

«ደወሉን የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች። «አንቺ ስትጫኚ ዘጠኝ አለ። በኔ ስህተት ነው።»

ሰፊዋ የተሸፈነውን መኪና በደህና እጇ ዳሰሰች። ከዚያ በዚያ በቀረላት ድምፅ፣ «ሰምቼዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሻምበልን። ሲሮጥ። በመስኮቴ ሥር ነው ያለፈው፤ ጫማው ይሰማኝ ነበር። መጣልኝ አልኩ። አለፈ።»

ብየዳ የበሩን ጠርዝ ይዛ ቆመች።

«አሁን አስተካክለሽዋል?»

«አስተካክያለሁ።»

«በምን አወቅሽ?»

ብየዳ ስክሪኑ አረንጓዴ ነው ልትላት አልቻለችም። ያኔም አረንጓዴ ነበር። የሚታወቅበት መንገድ አንድ ብቻ እንደሆነ ታውቃለች። እሱም ያ ሰው ቅንድቧን እየፈነከተ ያስተማራት መንገድ ነው፤ እሱን ስትጠላ አብራ የጣለችው።

ወደ እትዬ ተመለሰች። «ደወሉ ይጩህ» አለች።

«ልጆቹስ?»

«ግቢ ይውጡ። ለሁሉም አስቀድሞ ይነገር። እያንዳንዷ የራሷን ቁልፍ ራሷ ትጫን። ካልሆነ እኔ ለዚህ ሥራ አልሆንም፣ ሌላ ሰው ይፈለግ።»

እትዬ ጠባሳዋን አዩ፣ አፏን አዩ። «ይጩህ» አሉ።

ሻምበል ልጆቹን አሸዋው ጋ ወስዶ ጆሯቸውን በእጃቸው አስያዛቸው። «ይሄ ደወል እንደ ሽንኩርት ነው» አላቸው፤ «ያስለቅሳል እንጂ አይናከስም።» ሴቶቹ በየክፍላቸው አልጋ ራስጌ ቆሙ። ወደ አዲሶቹ ክፍሎችም አንዳንድ ሰው ተላከ። አንዷ ገና ሳይጀመር ላብ አጥምቋት ግድግዳ ይዛ ነበር።

ብየዳ ስክሪኑ ፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በዚህ ወንበር ተቀምጣ አታውቅም፤ የሷ ቦታ መሬት ነበር። ትንፋሿን ስባ መጮኽ ነበረባት። ከአፏ የሚወጣውን ድምፅ ገና ሳይወጣ ታውቀዋለች።

ደወሉ ጮኸ። ግቢው ውስጥ አንድ ሕፃን አብሮ ጮኸ። ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር በቀይ በራ።

«ስንት?» ብላ ጮኸች።

የባሏ የራሱ ድምፅ ነበር። ቃሉም፣ አወጣጡም። ሰውነቷ የሚወረወር ነገር ጠብቆ አንዴ ሽምቅቅ አለ።

ከግድግዳው ወዲያ ድምፅ አልመጣም፤ ሰፊዋ መጮኽ አትችልም። ብየዳ ደወሉን አጥፍታ ጠበቀች። ከዚያ ግድግዳው ተመታ። በክርን ነው፣ አንድ ጊዜ፣ ጠንከር ተደርጎ።

ብየዳ ቁጥሩን እንደገና አየችው፤ አንድ ይላል። «እሺ» አለች። «ሁለት ቁጥር፣ ተጫኚ።»